የአራት አገር ዕቃ በአንድ መደርደሪያ

ባሌ የሞተ ዕለት የዕድራችን ወንዶች ሳሎኑን ባዶ አደረጉት። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሰው ሲሞት ዕቃ ይወጣል። ሶፋው፣ ቡፌው፣ አልጋው ሳይቀር ጎረቤት ይገባል፤ በቦታው አግዳሚ ወንበር ይደረደራል። እኔም ለሌላ ሰው ለቅሶ ትራስና ፍራሽ ተሸክሜ አውጥቻለሁ። ከእኛ ቤት ግን ከሁሉ በፊት የወጣው የባሌ የሙዚቃ መሣሪያ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ "ቴፑ" ይለዋል፤ በለቅሶ ቤት ቴፕ መታየቱ ደግሞ ነውር ነው። ሽቦዎቹን ከኋላው በእጃቸው እየጎተቱ ነቀሏቸው፤ የተነቀለውን ሁሉ አንድ የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጠቅጥቀው አፉን በሲባጎ አሰሩት። ጥግ ተቀምጬ አይ ነበር። አላስቆምኳቸውም። ያን ሰዓት ግድግዳውን ቢያፈርሱትም ዝም እል ነበር።

ዓመቱን ሙሉ አላሰብኩትም። ሙት ዓመቱ ወጥቶ ጥቁሬን ከቀየርኩ በኋላ ግን የባሌ ታናሽ ወንድም ከአንኮበር መጣ።

"እትዬ፣ ያ ቴፕ ምን ሊሆን ነው?"

"ወደ ቦታው ይመለሳል።"

"ማን ይገጥመዋል? የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። አዲስ አበባ መጠጥ ቤት ያለው ወዳጅ አለኝ፤ ለጌጥ ይፈልገዋል። ባይሠራም ግድ የለውም፤ ብርጭቆ ይደረድርበታል።"

ባሌ እጁን ሳይታጠብ የማይነካው ዕቃ ላይ የሰካራም ብርጭቆ ሲደረደር ታየኝ። ብዙ ተነጋገርን፤ በመጨረሻ በሁለት ሳምንት ውስጥ ድምፅ ካወጣ ሊተወው፣ ካላወጣ መኪና ይዞ መጥቶ ሊጭነው ተስማማን። ለምን እሺ እንዳልኩት እስከ ዛሬ አይገባኝም። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ዕቃዬ፣ ቀጠሮ ተሰጥቶኝ ተቀበልኩ። ይህንን ስጽፍ እንኳ ይቀፈኛል።

መሣሪያው አንድ ወጥ አልነበረም። ሸክላ ማጫወቻው የስዊስ፣ የድምፅ መቆጣጠሪያው የጀርመን፣ ለድምፁ ጉልበት የሚሰጠው አምፕሊፋየር የጃፓን፣ ሁለቱ ስፒከሮች የእንግሊዝ ነበሩ። ባሌ የፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ነበር። ሥራቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው ከሚመለሱ የውጭ ሰዎች አንድ በአንድ፣ በብዙ ዓመት ያሰባሰባቸው ናቸው። የአንዱ መሰኪያ ለሌላው ስለማይሆን ማገናኛ ሽቦዎቹን ራሱ እየበየደ ሠራቸው። እኔ ባትሪ አበራለት ነበር፤ የቀለጠው እርሳስ ሽታ ራሴን እያመመኝ፣ ቶሎ በጨረሰ እያልኩ። አንድም ቀን "ይህ ወዴት ይሄዳል?" ብዬ አልጠየቅኩትም። ሠላሳ ዓመት አስተማሪ ሆኜ የሰው ልጅ ለምን አይጠይቅም እያልኩ ስቆጣ ኖርኩ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንድ ሸክላ ያስቀምጥ ነበር፤ ሳንነጋገር እናዳምጥ ነበር። በቅርቡ ልጄ ከእነዚያ ዘፈኖች አንዱን በስልኳ ከፈተችልኝ። "ያው ነው እኮ እማዬ" አለችኝ። ያው አልነበረም፤ ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ዝንብ ነበር። እኔ የምፈልገው ያንን ድምፅ በዚህ ክፍል ውስጥ፣ እሱ ካስቀመጣቸው ስፒከሮች ሲወጣ መስማት ነው። ወንድሙ ከጫነው ይህ ዳግመኛ አይሆንም።

ዕቃው ዓመቱን ያሳለፈው ከአጥር ማዶ፣ በጎረቤቴ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። በሩን ስትከፍተው ሽታው ፊቴን መታኝ። ሸክላ ማጫወቻው ላይ ዶሮ ሰፍራለች። ክዳኑ ተነሥቶ የትም ተጥሏል፤ ሸክላው የሚያርፍበት ጎማ በኩስ ተለስኗል፤ ሥሩ ደርቆ የተሰነጣጠቀ፣ ላዩ ትኩስ። አምፕሊፋየሩ አናት ላይ የጠላ እንስራ ክብ ምልክት አለ፤ የፈሰሰው ጠላ ከአቧራ ጋር ተላቁጦ ጥቁር ሙጫ ሆኗል። ከአንዱ ስፒከር ቀዳዳ ጥጥ ወጥቷል። ጥጡን ስጎትተው አይጥ ወልዳበት ኖሮ ሁለት የደረቁ ልጆቿ አብረው ወጡ።

"ዶሮ አሳደርሽበት?" አልኳት።

"ኧረ እትዬ፣ እኔ አሳድሬ ነው? ራሷ መርጣ ነው። ጎማው ተመችቷት።"

"እንስራውስ ራሱ መርጦ ነው?"

"እንስራው የእናንተው የተዝካር ጠላ ነበር። የት ላድርገው? ራሴ ላይ?"

ሳቀች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ በለቅሶዬ ሰሞን ወጥ ያበሰለችልኝ እሷ ናት። ያን ዕለት ግን ሳቋን ማየት አልቻልኩም፤ ጥርሷንም፣ በቀሚሷ ጫፍ ኩሱን ጠረግ አድርጋ "ይኸው፣ ለቀቀ" ስትለኝም።

ዕቃውን ከነከረጢቱ ወደ ቤት አስመልሼ ሁለት ቀን በቢላዋ ጀርባና በአልኮል ፋቅኩት። ሽታው ከጥፍሬ ሥር አልወጣ ብሎኝ በእጄ መብላት ተውኩ። የአይጧ ስፒከር ዙሪያውን የያዘው ስፖንጅ ስነካው ጣቴ ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ አጥሩ ሥር ሄጄ አስመለሰኝ።

ከዚያ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ያለው ጠጋኝ አስጠራሁ። "ማዘር" እያለ ገባ። ማስቲካውን ከአፉ አውጥቶ አሁን ያጸዳሁት አምፕሊፋየር ላይ ለጠፈና አንዱን ሽቦ በጥርሱ ልጦ ልጣጩን ምንጣፌ ላይ ተፋ።

"ማዘር፣ እነዚህ እርስ በርስ አይስማሙም።"

"ሃያ ዓመት ተስማምተው ኖረዋል።"

"ጀርመን፣ ጃፓን፣ እንግሊዝ። ይሄ ቴፕ አይደለም፤ ስብሰባ ነው። ይልቅ አንዲት ብሉቱዝ ላምጣልሽ፤ ጣሳ ነው የምታክለው፣ ሰፈሩን ታናውጠዋለች።"

"ሰፈሩን ማናወጥ አልፈልግም።"

የአምፕሊፋየሩን ሶኬት አንሥቶ ወደ ግድግዳው ሄደ። ይህን ጊዜ ባሌ ያንን ሶኬት ግድግዳ ላይ ሰክቶት እንደማያውቅ ትዝ አለኝ። ግድግዳው ላይ ከተሠራው መደርደሪያ ሥር አንድ ከባድ የብረት ሣጥን ነበር፤ ስጠርግ እግሬን እየመታኝ ስንት ጊዜ ረግሜዋለሁ። የጃፓኑ ዕቃ የእኛን መብራት አይችለውም፤ ሣጥኑ ኃይሉን በግማሽ ይቀንስለታል። ይህንን አንድ ነገር ነግሮኛል፣ ወዲያ ውሰደው ብዬ ስለተቆጣሁ።

"ተው" ብዬ እጁን ያዝኩት። "በሣጥኑ በኩል ነው የሚገባው።"

"የምን ሣጥን? መብራት መብራት ነው ማዘር።"

ገመዱን ከእጁ ነጥቄ በሩን አሳየሁት። ማስቲካውን ትቶልኝ ሄደ።

ሣጥኑ ጎረቤቴ ዘንድ አልነበረም። "ያ ከባድ ብረት? እሱን እኮ ያን ዕለት ለድንኳኑ ወሰዱት" አለችኝ። ግቢያችን ሲሚንቶ ነው፤ ካስማ አይገባበትም። የድንኳኑን ገመድ በእሱ አስረው፣ ድንኳኑ ሲነሣ አብረው ወደ ዕድሩ ዕቃ ቤት አስገብተውታል።

ዕቃ ጠባቂው ሽማግሌ ከድስቶቹ ኋላ ጎትቶ አወጣው። ጭቃ፣ አመድና የወጥ ስብ ለብሶ ብረትነቱ አይታይም።

"ይሄን ነው? ይሄማ የድንኳናችን ማስያዣ ነው ልጄ" አለኝ። "ስንት ለቅሶ አሳልፎልናል። እሱ ባይኖር ኖሮ ድንኳኑን ነፋሱ ጫጫ ከተማ ያደርሰው ነበር።"

"የባሌ ነው፣ አባባ። የቴፑ ነው።"

"ተራ ብረት መስሎን።" የእጁን አመድ አራገፈ። "ታዲያ አሁን በምን ላስይዝ?"

"በድንጋይ።"

አገላብጬ ሳየው አወቅኩት። ባለፈው ክረምት እዚሁ ሰፈራችን ለቅሶ ሄጄ፣ ወንበር ሲጠፋ የድንኳኑ ጥግ ላይ አንድ ብረት ላይ ተቀምጬ ነበር። ነጠላዬን አንጥፌ፣ ንፍሮ በእጄ ይዤ፣ ባሌ በሁለት እጁ ተጠንቅቆ ያስቀምጠው የነበረው ዕቃ ላይ ግማሽ ቀን ተቀመጥኩበት፤ አላወቅኩትም። በጎረቤቴና በጠጋኙ ላይ ስቆጣ የሰነበትኩት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እነሱ የማያውቁትን ነው ያቆሸሹት። እኔ ግን በየቀኑ ስጠርገው የኖርኩ ነኝ።

ሣጥኑን አጥቤ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አደረቅኩት። ቀጠሮው አንድ ቀን ሲቀረው ከረጢቱን ወለሉ ላይ ገለበጥኩት። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጧፍ ቁራጭ፣ የአይጥ ፋንድያ፣ በመሐሉ የተወሳሰበ ሽቦ። ዕቃዎቹን የመደርደሪያው ቀለም ባልደበዘዘበት ቦታ ላይ መለስኳቸው፤ ይህን ያህል እንኳ አይኔ ያውቅ ነበር። ሽቦዎቹን ግን የትም ብሰካቸው አይደርሱም፤ ወይ ያጥራሉ፣ ወይ አፋቸው አይገጥምም።

ብዙ ቆይቶ ነው የገባኝ። ባሌ ትርፍ ሽቦ አይወድም ነበር፤ እያንዳንዱን ከዕቃ እስከ ዕቃ ለክቶ ነው የሚቆርጠው። ስለዚህ አንድ ሽቦ የሚደርሰው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ያጠረውን እየተውኩ፣ ትርፍ ሳይኖረው ልክክ ብሎ የደረሰውን እየሰካሁ ሄድኩ። እስከ ማታ ከሸክላ ማጫወቻው የወጣች አንዲት ቀጭን አረንጓዴ ሽቦ ብቻ ቀረች። መሰኪያ ስለሌላት አልሰካኋትም። አምፕሊፋየሩን በሣጥኑ በኩል አብርቼ መርፌውን ሳሳርፍ ከሁለቱም ስፒከሮች የሚያስጠላ እምምም የሚል ጉርምርምታ ወጣ፤ ዘፈኑ ከሥሩ ታፍኗል። ጫፏን የመቆጣጠሪያው ጀርባ ላይ ያለችው ትንሽ ብሎን ላይ ሳስነካት ጉርምርምታው ቀጥ አለ። አሰርኳት።

የቀኙ ስፒከር እንደ ድሮው ነበር። የግራው፣ አይጧ የወለደችበት፣ በየወፍራሙ ድምፅ ይንተፋተፋል፤ የታመመ ሰው አክታ የሚሰማ ይመስላል። ሙቀቱ ሲጨምር ደግሞ ከአምፕሊፋየሩ ውስጥ የጠላና የኩስ ሽታ ተነሣ። መስኮት ከፍቼ እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት። አላለቀስኩም። አፍንጫዬን በነጠላዬ ይዤ ነበር።

በማግስቱ ወንድሙ መኪና አቁሞ ካርቶን ይዞ ገባ። ሸክላው እየዞረ ነበር። ቆሞ ሰማ።

"ይሄ ድምፅ ነው እትዬ?"

"የቀኙ ነው።"

"የግራውስ?"

"ታሟል።"

"ቤቱ ይሸታል ደግሞ። ለአንቺም አይበጅሽ።"

"ይሸታል" አልኩት። "ድምፅ ካወጣ ነበር ያልነው። አወጣ።"

ካርቶኑን መሬት አድርጎ ተቀመጠ። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። የግራው ስፒከር በተንተፋተፈ ቁጥር ፊቱን ያጨማድድ ነበር፤ እኔም እንደዚያው ሳላደርግ አልቀረሁም።

"መኪናው ባዶውን ሊመለስ ነው እንግዲህ" አለ ሸክላው ሲያበቃ።

"ይመለስ" አልኩትና ሸክላውን ወደ ሌላኛው ፊት ገለበጥኩት።