በሩ ሥር የቀረው ጫማ

ዛሬ አንድ የኮምፒውተር ጌም ስጫወት የስበትን አቅጣጫ ቀየርሁና በጌሙ ውስጥ ያለውን ቤት ገለበጥሁት። አልጋው፣ ወንበሩ፣ ሁሉም ወደ ጣሪያው ወደቀ። በሩ ሥር ያለ አንድ ጥንድ ጫማ ብቻ ንቅንቅ አላለም።

«ሠሪዎቹ ረስተውት ነው» ብዬ በሩን ከፍቼ ወጣሁ። (እንቆቅልሽ ሲያቅተኝ ሠሪውን እወቅሳለሁ።) «ከሦስቱ መጨረሻዎች አንዱ» የሚል ጽሑፍ መጣ፤ ሌሎቹ ሁለቱ አምልጠውኛል ማለት ነው።

ከኋላዬ ቆማ ስታይ የነበረችው እናቴ፣ «የጣናን ገዳም ስንሳለም አላየህም? ጫማው በር ላይ ካለ ባለቤቱ ውስጥ ነው» አለችኝ።

ወደ ጌሙ ቤት ተመልሼ ፈለግሁ። እውነትም ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ሰው ቆሟል።

ቀና ብዬ የራሳችንን በር አየሁ። አባቴ ካረፈ ዓመት አለፈው፤ ጫማው እዚያው ነው። እናቴ ረስታው ይመስለኝ ነበር።

እናንተስ ቤት ያልተነሳ ጫማ አለ?