ወርዱ ሃምሳ ኢንች

ሜትሩ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። የልብስ መለኪያ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ይውላል፤ አንዳንዴም ይረሳውና ሠርግ ቤት ድረስ ይዞት ይሄዳል። ሠላሳ ሁለት ዓመት ኮትና ሱሪ ሰፍቷል። ሥራውን የሚያሞግሱት ሰዎች ግን አንድ ነገር አያውቁም። ቁልፍ ቤቱን፣ እጥፋቱንና ገበሩን በእጇ የምትጨርሰው ሚስቱ ነበረች፤ ያውም ጥቁር ጨርቅ ላይ በጥቁር ክር። እሱ ከፊት ሆኖ «እጅህ ይባረክ» ሲባል እሷ ከመጋረጃው ጀርባ አጎንብሳ መርፌዋን ትወጋ ነበር። ሜትሩም ምርቃቱን ተቀብሎ ዝም ነው፤ አንድ ቀን እንኳን «የሷ እጅ ነው» ብሎ አያውቅም።

አሁን ዓይኗ ደክሟል። ሐኪሙ ነገሩ የዕድሜ ነው ቢልም ሜትሩ ጥፋቱን ጠቅልሎ ለራሱ ሰጠ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ! መነጽሯ ተቀየረ፣ ጠብታው ተሞከረ፤ በመጨረሻም ከዚህ የተሻለ እንደማይሆን ተነገራቸው።

ነገሩ ምን ያህል እንደከፋ የገባው ግን ከሐኪሙ አይደለም። ከሥራ በኋላ ትንሿን ቴሌቪዥናቸውን ከፍተው ድራማ ያያሉ። እሱ ሲስቅ እሷ ትንሽ ቆይታ ትስቃለች። አንድ ምሽት ላይ ድራማው ውስጥ ስንት ጊዜ ጠፍቶ የነበረው ልጅ በሩን ከፍቶ ገባና እናቱ ፊት ዝም ብሎ ቆመ። የሜትሩ ዓይን በእንባ ግጥም አለ።

«ምነው፣ ድምፁ ጠፋ እንዴ?» አለች ሚስቱ።

ለካስ እስከዛሬ ስትሰማ እንጂ ስታይ አልነበረም! «አዎ፣ ጠፋ» አለና ተነስቶ ገመዱን የሚያስተካክል መሰለ።

ትልቅ ቴሌቪዥን ለመግዛት የቆረጠው ያን ጊዜ ነው። የሰውን ፊት እንደገና ካየች ሌላ አይፈልግም። ለአዲስ የስፌት መኪና ያስቀመጣት ገንዘብ ነበረች፤ አሮጌዋ መኪና ትንሽ ትታገሥ አለ። ሲያጠያይቅ ገንዘቡ ሃምሳ ኢንች ይገዛል፤ ከዚያ በላይ ግን ንቅንቅ አይልም።

አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ ነውና ሚስቱ እህቷ ዘንድ በሄደችበት ቀን ከጥቁር ገበር ጨርቅ ላይ ወርዱ ሃምሳ ኢንች የሆነ ቁራጭ አወጣ። ግድግዳው ላይ በስፒል ሰካውና የሷ ወንበር ላይ ተቀምጦ አየው። ግድግዳው ጢም ብሏል። «እዚህ ላይ የሚመጣውን ሰው ሻይ ካላፈላንለት ሊቀየመን ነው» ብሎ ብቻውን ሳቀ።

በማግሥቱ ሱቅ ሄደ። ሃምሳ ኢንች ነው የተባለው ቴሌቪዥን ግን ዓይኑ ላይ አነሰበት። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ከዳር እስከ ዳር ለካው። አርባ አራት እንኳን አይሞላም!

«ስድስት ኢንች የት ገባ?» ብሎ ጮኸ። «እኔ ከሰው ሱሪ ላይ ስድስት ኢንች ብበላ ኖሮ ሰፈሩ በሙሉ በቁምጣ ይሄድ ነበር!»

ሻጯ ጠና ያለች ሴት ናት፤ አልተቆጣችም። ሜትሩን ከእጁ ተቀበለችና ከታች ከግራው ጥግ እስከ ላይኛው ቀኝ ጥግ ወጠረችው። ልክ ሃምሳ።

«ጋሼ፣ ስክሪን የሚለካው በሰያፍ ነው» አለችው።

በሰያፍ! ስንት ጨርቅ በሰያፍ የቆረጠ ሰው! አፈር ብላ አለው ራሱን። ይቅርታ ጠየቃት። ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ያየው ቴሌቪዥን በሱ ገንዘብ አይገኝም። የዚያን ያህል ወርድ ያለውን ሲጠይቅ ዋጋው ሰማይ ነው።

«ለማን ፈልገውት ነው?» አለችው።

ለዘመድ ያልነገረውን ለዚች ለማያውቃት ሴት ዘረገፈላት። ቆይቶ የሚመጣውን ሳቋን፣ ጥቁሩን ክር፣ ሁሉንም። ሴትዮዋ ሰምታ ስትጨርስ፣ «እርስዎ ደንበኛው በሌለበት ሱሪ ይለካሉ?» አለችው። «ይዘዋቸው ይምጡ እንጂ።»

ሜትሩ ቤት ገብቶ ድራማውን እንደማታይ ማወቁንና የቴሌቪዥኑን ነገር ለሚስቱ ተናዘዘ።

«በምን አወቅህ?» አለች።

«በሳቅሽ።»

«እንዳይከፋህ ብዬ ነው እኮ።»

«እኔም እንዳይከፋሽ ብዬ ነው» አለና እጇን ያዘ። «እጅህ ይባረክ ሲሉኝ ያንቺ እጅ መሆኑን ሳልናገር አረጀሁ። ሠላሳ ሁለት ዓመት እንጀራ የበላሁት በዓይንሽ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ሞኝ» አለችው፤ እጇን ግን አልወሰደችም።

ይዟት በሄደበት ቀን ሱቁ ውስጥ ቴሌቪዥኖቹ ሁሉ ድምፃቸው ተዘግቶ ዜና ያሳያሉ። ሻጯ ወንበር አመጣችላት። ሜትሩ አጠገቧ ቆመ፤ ዛሬ የምትደገፈው ድምፅ የለም። ውዱና ግዙፉ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣ ራሷን ነቀነቀች። «የመስኮቱን ብርሃን ነው የማየው፤ ያብለጨልጫል» አለች። ሁለተኛውም አልሆነም። ሦስተኛው ለማሳያ የቆመ ያለፈው ዓመት ምርት ነው፤ ሃምሳ ኢንች፣ ዋጋውም ቀንሷል። ምስሉ ደማቅ ነው፤ መስታወቱ አያብለጨልጭም።

«ወንበሩን ትንሽ አቅርቡልኝ» አለች።

አቀረቡላት። አንገቷን ሰግጋ ምስሉን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አንተ ሰውዬ» አለች በመጨረሻ፣ «ለዚህ ዜና አንባቢ ማን ነው የሰፋለት? የግራ ኮሌታው ተንሻፏል እኮ!»

ሜትሩ ጠጋ ብሎ አየ። እውነትም ተንሻፏል፤ የክር ውፍረት ያህል። እሱ ራሱ ልብ አላለውም ነበር። ተመስገን ሊል አፉን ከፈተ፤ እንባው ቀደመው።

«ቁልፍ ቤቱስ?» አላት።

ጎንበስ ብላ አየች።

«ቁልፍ ቤቱ ደህና ነው» አለች። «የሰፊው ሚስት ትሆናለች የሠራችው።»