ጋሽ ታረቀ ያስተማሩኝ ዳማ

ትናንት በሱዳኗ ገዳሪፍ ገበያ ሳልፍ ሁለት ወጣቶች ሻይ ቤት ደጅ ላይ በቆርኪ ዳማ ሲጫወቱ አየሁ። የሻዩ የቅርንፉድ ሽታ እናቴ እዚሁ ከተማ ሻይ ትሸጥበት ወደነበረው ዳስ መለሰኝ።

ጋሽ ታረቀ ሰሊጥ ለማረም በየክረምቱ ከመተማ በኩል የሚመጡ ሽማግሌ ነበሩ። መንገዱ ጨቅይቶ ሎሪ ባልወጣ ቀን እኛ ዘንድ ዳማ ይጫወታሉ፤ የሚያሸንፋቸው አልነበረም። አንድ ቀን ብርጭቆ ሳነሣ ጨዋታውን አፍጥጬ ሳይ አዩኝና፣ «ነይ፣ ተቀመጭ» አሉኝ።

«ሴት ልጅ ከወንድ መሃል?» አለ አንዱ።

«ቆርኪውን አልከፋውም፤ አንተን ምን ከፋህ?» አሉት።

የመጀመሪያዋን ቆርኪ በልቼ ስፈነድቅ እሳቸው በተራቸው ሦስት በሉብኝ። «ልጄ፣ ለመብላት አትቸኩይ። ሰው ሲሰጥሽ ለምን እንደሰጠሽ አስቢ።»

ክረምቱን ሙሉ አስተማሩኝ። ሲሄዱም፣ «ለከርሞ ከዋንዛ የተጠረበ ሰሌዳ አመጣልሻለሁ» አሉኝ። በዓመቱ ግን ጦርነት ተነሣና ድንበሩ ተዘጋ። ሲከፈት ሌሎች መጡ፤ እሳቸው አልመጡም። እናቴ ያገኘችውን ሠራተኛ ሁሉ ስለ እሳቸው ጠየቀች።

«የየት አገሩ ታረቀ? የማን ልጅ?» አሏት።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ያን ሁሉ ቀን ፊት ለፊት ተቀምጠን ስንጫወት መንደራቸውን አልጠየቅኋቸውም፤ የአባታቸውን ስም እንኳ አላውቅም።

ትናንት ከወጣቶቹ አንዱ ቀና አለና፣ «ኻልቲ፣ ዳማ ይችላሉ እንዴ?» አለኝ፤ በዐረብኛ «አክስቴ» ማለቱ ነው።

«እችላለሁ።»

«ማን አስተማረዎት?»

«ጋሽ ታረቀ» አልኩት። ከዚያ በላይ የምነግረው አጣሁ።