ወተቱን ያልነካው እንግዳ

ከሠረገላችን ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ እናቴ ያቀረበችለትን ወተት አይነካም። ሆዱ ሲጮህ ለእኔ እንኳ ይሰማኛል። በሣሩ ሜዳ ብዙ የተጓዘ ሰው ነው፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ጫማው በጅማት ታስሯል። ፈረሱን ግን ከራሱ በፊት አጠጥቶታል። ቋንቋው የእኛው ነው፤ ከወንዝ ማዶ እንዳሉት ዘመዶቻችን ቃሉን ጎተት ያደርገዋል እንጂ። ስሙን አልጠየቅነውም፤ እንግዳ ሳይቀምስ ስሙ አይጠየቅም።

"ምነው፣ ጠጣ እንጂ! መርዝ መሰለህ?" አልኩት።

"የለም፣ እህቴ" አለና ካባውን ገልጦ የመዳብ ቢላዋ ከፊታችን አስቀመጠ።

ክው አልኩ። እጀታው ላይ ያለውን የፈረስ ራስ ወንድሜ ዌልኮስ ሲቀርጸው አይቻለሁ። አምና ከብት ሊዘርፍ ወጥቶ በዚያው ቀረ።

"የዚህን ባለቤት የገደልኩት እኔ ነኝ" አለ መሬት መሬት እያየ። "ወተታችሁን ከቀመስኩ እንግዳችሁ ነኝ፤ እንግዳ ደግሞ አይገደልም። እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ። ጨርሱኝ።"

ቢላዋውን አነሳሁ። እናቴ ግን ቀደመችኝ። መንጋጋውን እንደ ጥጃ ፈልቅቃ ያዘችና ወተቱን ወደ ጉሮሮው አንቆረቆረችበት። ጢሙ ራሰ፤ እንደ ሕፃን ሳግ ያዘው።

"ትኖራታለህ!" አለችው ጥርሷን ነክሳ። "እኔስ እየኖርኳት አይደል!"