መጤው ዓሣና የዳርቻው ደንገል
አንዲት ተመራማሪ ለዓሣ ጫጩቶች መጠለያ እንዲሆን በሐይቅ ዳርቻ የተከለችውን ደንገል፣ ካርፕ የተባለው መጤ ዓሣ ሥሩን እየቆፈረ ይነቅልባታል። የምርምር ገንዘብ የሰጧትም ደንገሉ ካልጸደቀ ለቀጣዩ ዓመት እንደማይጨምሩ ነግረዋታል።

ዓሣ አጥማጁ አሕመዲን ስሟን አያውቅም፤ የሚያውቃት በረጅም የጎማ ቦቲዋና ሁሉን በመጠየቋ ነው። መረቡ የያዘውን ካርፕ ወደ ውሃው ሲመልስ አይታ፣ ለምን እንደሆነ ጠየቀችው።

«ይሄማ መርፌ የዋጠ ዓሣ ነው፣ እቱ፤ እሾህ ብቻ። ማን ይገዛዋል?»

«ካልተበላማ አይቀንስም፣ ጋሼ። እሾሁን ለእኔ ይተዉት» አለችው ሳቅ ብላ።

ዛሬ ዳርቻው ላይ መጥበሻ ጥዳለች። ቀጫጭኑ እሾህ ተቆራርጦ በዘይቱ እንዲሰባበር፣ የዓሣውን ሥጋ በቢላዋ አጠጋግታ በጣችው። ጠብሳም የመጀመሪያውን ቁራሽ ለአሕመዲን ሰጠችው። እሱ «ቢስሚላህ» ብሎ ሲጎርስ፣ እሷ ሁለተኛውን ዓሣ መብጣት ጀምራለች።