እናቴ ሴት ስለመሆኗ ማስረጃ ተጠየቀች

«እማማ፣ ሴት መሆንዎን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ያምጡ።»

ዛሬ ጠዋት መታወቂያ ቢሮ ውስጥ እናቴ የተባለችው ይሄን ነው።

ስሟ ደስታ ነው። ዓምና ፎርሙን የሞላው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳን ሳያያት፣ ጾታ የሚለው ላይ «ወንድ» ብሎ ጻፈ። ለማስተካከል ከቀራንዮ በታክሲ ተጋፍተን ስንመላለስ የዛሬው አራተኛችን ነው።

«አምስት ልጅ ወልጃለሁ እኮ! አንዷ ይቺው» አለች እኔን እያሳየች።

«የሥጋ ዘመድ ምስክር አይሆንም» አላት ሠራተኛው፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል።

ደክሞኛል። ፎቶዋ አለ፣ አሻራዋ አለ። ታዲያ ጾታ የሚለው ለማን ተብሎ ነው የሚጻፈው? መታወቂያውን ዓመት ሙሉ ይዛው ስትዞር ማንም ልብ አላለውም። (እኛ ልጆቿም ጭምር፣ አልዋሽም።)

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

«በር ላይ ወንዱን ለብቻ፣ ሴቱን ለብቻ ነው የምትፈትሹት አይደል? እኔን ከላይ እስከ ታች የዳበሰችኝ የእናንተው ፈታሽ ናት። እሷን ጥሩልኝና ትመስክር!»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እኛ ግን ለሰኞ ተቀጠርን።

የእናንተስ መታወቂያ ማን ናችሁ ይላል?