የአዳራሹ ቬንትሌተር ግራ የገባው ቀን

ባለፈው ሳምንት፣ አዳማ በሙቀት በምትቀቀልበት የግንቦት ከሰዓት፣ ሳሎኔ ውስጥ ያለው ቬንትሌተር ጥቂት አጉረምርሞ ቆመ፤ ከሆዱም ያ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ወጣ፣ ጉሮሮ የሚከረክር፣ የጎማና ያረረ ስኳር ድብልቅ የሚመስል። ልጄ አፍንጫዋን ይዛ መስኮት ልትከፍት ስትሮጥ እኔ ወደ ሽታው ተጠጋሁ። የጠራነው ሠራተኛ ገና ሳይፈታው «ማዘር፣ ይጣል፣ አዲስ ይግዙ» አለኝ፤ ሽቦውን ማስጠቅለል አይቻልም ወይ ብለው በማያውቀው ቋንቋ ያናገርኩት ይመስል መሣሪያውን መሰብሰብ ጀመረ። ልጄ የምትሸሸው ሽታ እኔን አሳድጎ ለወግ ለማዕረግ ያበቃ ሽታ ነው።

በደርግ ጊዜ የምንኖረው ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ፣ የፊተኛው ክፍል የአባቴ መሥሪያ በሆነበት የቀበሌ ቤት ነበር። አባቴ ደቻሳ የወለንጪቲ ልጅ ነው፤ በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ዲናሞ እንጠቀልላለን» ብሎ ጽፎ፣ የተቃጠለ የወፍጮ ሞተር፣ የአትክልት እርሻ የውሃ ፓምፕ፣ የሆቴሎች ቬንትሌተር ሳይቀር ሁሉን ይቀበላል። ያረረውን የመዳብ ሽቦ ቆርጦ ያወጣና በብረቱ ጥርሶች መሀል አዲስ ሽቦ ዙር በዙር ይጠቀልላል፣ ቫርኒሽ ያጠጣዋል፣ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ግቢያችን ውስጥ ከልብስ ይልቅ የሚሰጣው ሞተር ይበዛ ነበር።

ማስረዳት ይወድ ነበር፣ አድማጭ ካጣ ለዶሮዎቹም ቢሆን። ሚስማር ላይ ሽቦ ጠቅልሎ ጫፎቹን ከባትሪ ድንጋይ ጋር ያገናኝና የእናቴን መርፌዎች ያስለቅማቸዋል፤ ሽቦውን ሲያላቅቀው መርፌዎቹ ይረግፋሉ። «ብረት ሞኝ ነው፤ መብራት በዙሪያው ሲያልፍ ማግኔት ነኝ ይላል፣ ሲቋረጥበት ይረሳዋል» ይለኝ ነበር። የትምህርት ቤታችን ደወል መዶሻ እየተሳበ እየተለቀቀ እንደሚጮህ፣ የሬድዮኑም ድምፅ ማጉያ እንዲሁ እየተሳበና እየተገፋ እንደሚያወራ፣ ቬንትሌተር ደግሞ ሁለት ጥቅል እንዳለው፣ አንዱ ዋናው፣ ሌላው ማስነሻው፣ ማስነሻው ትንሽ ቀድሞ ስለሚስብ ብረቱ አንዱን ደረስኩበት ሲል ወደ ሌላው እየተጎተተ እንደሚዞር፣ ይህን ሁሉ ፊደል ሳልጨርስ አውቀው ነበር።

እናቴ አሰለፈች ግራኝ ናት። ልጅ ሆና ቀኙን ትልመድ ብለው ግራ እጇን በጨርቅ ያስሩባት ነበር አሉ፤ እሷ ግን እስኪፈቱላት ጠብቃ በግራዋ ትቀጥላለች። ሥራውን ከአባቴ ጎን ተቀምጣ ተማረችው፤ ጥቅሏ ከእሱ ይልቅ ጥብቅ ያለ ነው ብላ በፊቱ ትናገራለች፣ እሱም ይስቃል እንጂ አይክድም።

አባቴ ለሚሊሺያ ሲመለመል ጠረጴዛው ላይ የቀበሌው አዳራሽ ቬንትሌተር ነበር፣ ዋናው ጥቅል አልቆ፣ ማስነሻው ገና ሳይነካ። ጣቢያው ድረስ ሸኘነው፤ ባቡሩ ወደ ምሥራቅ ይዞት ሄደ። ወር ሳይሞላ የቀበሌው ሊቀመንበር መጣና ባለሙያው ስለሌለ ክፍሉ ለልብስ ሰፊዎች ማኅበር እንደሚሰጥ ነገረን። የምንበላው ከዚያች ክፍል ነው። እናቴ ግን ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይኼ ሥራ የሚሠራው በእጅ ነው እንጂ በሱሪ አይደለም። ለስብሰባው ቀን አዳራሻችሁን አናፍሰዋለሁ። ካልነፈሰ ቁልፉን ራሴ አመጣለሁ።»

ማስነሻውን ጠቀለለች፣ የባሏን ጥቅል ሳትነካ ከእሷው ጋር አገናኘች፤ በስብሰባው ቀን የአባቴን ሱሪ ከቀሚሷ ሥር ለብሳ መሰላል ላይ ወጥታ ሰቀለችው። አዳራሹ በሰው ጢም ብሏል፣ ላቡ፣ ሙቀቱ፣ ሕፃናቱ። ማብሪያው ተጫነ፣ ቬንትሌተሩም ያለ ምንም ኮሽታ መዞር ጀመረ፤ እኔ ማጨብጨብ ስጀምር አንድም ሰው አላገዘኝም። ይዞራል፣ ነፋስ ግን የለም። ጣሪያው ላይ የነበረው የሸረሪት ድር ይርገበገባል፣ ከታች ያለነው እንፈላለን። ለካ ወደ ኋላ እየዞረ ነፋሱን ለቆርቆሮው ነው የሚሰጠው።

ሊቀመንበሩ ቀና ብሎ አየውና «ምነው፣ ይኼ ነገር ግራ ገባው እኮ!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንድ ሰው ከኋላ «ቆርቆሮው በርዶታል!» ብሎ ጨመረበት። እኔ እንባዬ መጣ፤ ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን በክፍላችን ሲደረድሩ ወዲያው ታየኝ።

እናቴ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። የግራ እጇን ወደ ፊቷ አምጥታ፣ መዳፏ ላይ የተጻፈ ነገር ያለ ይመስል አየችው። ከዚያ «ልክ ብለዋል፤ ግራማ ገብቶበታል። እሱ በቀኙ ጠቅልሏል፣ እኔ በግራዬ፤ ዙራችን ተቃራኒ ነው። ሁለቱንም እሱ ቢሠራው፣ ወይም ሁለቱንም እኔ ብሠራው በደንብ ይነፍስ ነበር፤ ለየብቻ ስለሠራነው ነው የማይስማማው። አጥፉልኝ!» አለች።

መሰላሉን እንደገና ወጣች፣ ክዳኑን ከፍታ የራሷን ጥቅል ሁለት ጫፎች አቀያየረች፣ የአባቴን እንደነበረ ተወችው። ማብሪያው ሲጫን መጀመሪያ የሊቀመንበሩ ወረቀቶች ከጠረጴዛው ተነሡ፣ ቀጥሎ የሴቶቹ ነጠላ፣ ከዚያ ያ ሁሉ ሰው «እፎይ» አለ። ስለ ክፍሉ ዳግመኛ የተናገረ የለም። ሊቀመንበሩም በሳምንቱ የራሱን ቤት ቬንትሌተር ተሸክሞ መጣ፤ እናቴ ተራውን እንዲጠብቅ ነገረችው።

ያ ቬንትሌተር በሁለቱ እጅ፣ በቀኝና በግራ ተጠቅልሎ ብዙ ሙቀት አሳለፈ። የአባቴ ጓዶች አንድ ሁለት እያሉ ሲመለሱ፣ የሌሎቹ መርዶ ሲነገር፣ ስለ እሱ ግን ወሬ አልመጣም፤ እናቴም ማቅ አልለበሰችም፣ ለቅሶ አልተቀመጠችም፣ «ደቻሳ ሲመጣ» ማለቷንም አልተወችም። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ስገባ ቬንትሌተሩ ተቃጠለና ወደ ጠረጴዛችን ተመለሰ፣ ሁለቱም ጥቅል ከሰል መስሎ። የራሷን በአንድ ትንፋሽ ቆርጣ አወጣችው። የእሱን ለመቁረጥ መሮውን አስጠግታ ረጅም ጊዜ ቆየች፤ ከዚያ ቆረጠች።

አዲሱን ሽቦ ስትይዝ አየኋት። ማስነሻውን እንደ ልማዷ በግራዋ ጨረሰች። ዋናው ላይ፣ የአባቴ ድርሻ ላይ ስትደርስ ሽቦውን ወደ ቀኝ እጇ አዛወረችና፣ ያን ግራዋ ታስሮም እምቢ ያላትን እጅ እየታገለች፣ እያመለጣት፣ እየፈታች እንደገና እየጀመረች መጠቅለል ያዘች። ያን የመሰለ ለዛ የሌለው ጥቅል ከእሷ እጅ ወጥቶ አያውቅም።

«እማዬ፣ ሁለቱንም በግራሽ ብትሠሪው እኮ ይነፍሳል» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝና በቀኟ ቀጠለች። አባቴ እንደማይመለስ እሷም እንዳወቀች የገባኝ ያን ቀን ነው።